ስለ አካል ጉዳተኞች ድርጅቶች ቦርድ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ይኸው መልሱ

ሰላም የጎጃም ልጆች። የዓለም አቀፍ የአካል ጉዳተኞች ድርጅቶችን አመራርና የቦርድ ቁጥጥር በተመለከተ የምትፈልጉትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ከደጀን እስከ ዳንግላ ጎረፈ። ለማታውቁኝ፣ ዓይነ ስውር ነኝ፣ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ በማህበራችን ቦርድ ውስጥ አገልግያለሁ፣ ከውጭ ድርጅቶችም ጋር ሠርቻለሁ።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ጋሼ፣ ዳይሬክተር እያለ ቦርድ ለምን ያስፈልጋል? ሻይ ጠጥቶ ለመለያየት ነው?

መልስ፦ አንዳንዱ ጋ እውነትም ሻይ ነው። ሥራው ግን ሌላ ነው። ዳይሬክተሩን የሚቀጥረው፣ የሚገመግመው፣ ሲያስፈልግም የሚያሰናብተው ቦርዱ ነው። በጀት ያጸድቃል፣ የኦዲት ሪፖርትም ለእሱ ይቀርባል። የዕለት ሥራ ውስጥ ግን አይገባም። የሹፌር አበል ሲፈርም የሚውል ሰብሳቢ ካያችሁ፣ እዚያ ቤት ያለው ቦርድ ሳይሆን ሁለተኛ ዳይሬክተር ነው። እድር ላይ ገንዘብ ያዡ ራሱን ይቆጣጠር ቢባል ማን ዝም ይላል? በአገራችን የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 በቦርድ የሚመራ ድርጅት ከ5 እስከ 13 የቦርድ አባላት ይኖሩታል፤ የበላይ አካሉም ቦርዱ ነው።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ የውጮቹስ? ቦርዳቸውን አይተን አናውቅም። ለእህቴ ዊልቸር ሰጧት፤ ሰፍቷት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ለማን ይነገራል?

መልስ፦ አታዩትም፣ እዚህ የለማ። የውጭ ድርጅት የሚባለው በሌላ አገር ሕግ ተቋቁሞ እኛ ጋ የተመዘገበ ነው። ሲቢኤም መነሻው ጀርመን ነው፣ ላይት ፎር ዘ ወርልድ ኦስትሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ስሙን ሂዩማኒቲ ኤንድ ኢንክሉዥን ያደረገው የድሮው ሃንዲካፕ ኢንተርናሽናል ደግሞ ፈረንሳይ። የአገር ውስጥ ተወካዩ አለቃ እዚያ ነው። ሞጣ የሆነ ነገር እዚያ ጠረጴዛ ላይ እስኪደርስ በስንት ሰው እጅ ያልፋል፤ ያለፈበት ሁሉ ደግሞ ትንሽ ትንሽ ያሳምረዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ቦርዱ «ይህን ያህል ዊልቸር ተሰጠ» የሚል ቁጥር ያያል፣ ያጨበጭባል። ከዓመት በኋላ ስንቱ ሰው እየተጠቀመበት እንደሆነ የጠየቀ አባል ግን ብዙ አልገጠመኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እኮ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ ዊልቸር ለሰውየው ተለክቶ፣ ተስተካክሎ፣ አጠቃቀሙም ተነግሮ፣ በኋላም ክትትል ተደርጎለት መሰጠት እንዳለበት አስቀምጧል። የእህትህ ነገር የዕድል ጉዳይ ሳይሆን የአሠራር ጉድለት ነው።

አሁን እንዲህ አድርግ። በጽሑፍ አመልክት፣ ቀን ጻፍበት፣ ቅጂውን ያዝ። ፎቶም አያይዝ። መጀመሪያ ለፕሮጀክቱ ቢሮ ስጥ፣ ዝም ካሉህ አዲስ አበባ ላለው ተወካይ። ከዚያም ለዋናው መሥሪያ ቤት የቅሬታ አድራሻ ላክ፤ ብዙዎቹ በድረ ገጻቸው ላይ አላቸው። ገንዘብ ጠፍቷል የምትል ከሆነ ደግሞ የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለስልጣን አለ።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ በድሃ ስም ተለምኖ የዳይሬክተሩ ደመወዝ ሰማይ ነክቷል። ይሄ ሌብነት አይደለም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ትልቅ ደመወዝ ብቻውን ሌብነት አይደለም። ማን ወሰነው፣ በምን መነሻ፣ ዳይሬክተሩ ሲወሰን ክፍሉ ውስጥ ነበር ወይ ብለህ ጠይቅ። አሜሪካ ውስጥ የተመዘገቡት አብዛኞቹ ድርጅቶች በየዓመቱ ፎርም 990 የሚባል ሰነድ ያቀርባሉ፤ የኃላፊዎቹ ክፍያ እዚያ ላይ ተጽፎ ለሕዝብ ክፍት ነው። እንግሊዝ ደግሞ ትልልቆቹ በዓመት ከ60,000 ፓውንድ በላይ የሚከፈላቸው ሠራተኞች ስንት እንደሆኑ በሂሳብ ሪፖርታቸው ያሳያሉ። የቦርድ አባላቱ እዚያ በአብዛኛው ደመወዝ የላቸውም።

ጥያቄ (ከብቸና)፦ የአስተዳደር ወጪ ገደቡ ስንት ነው?

መልስ፦ 20 በመቶ። በድሮው አዋጅ 621/2001 ጊዜ 30 በመቶ ነበር፤ ግን ያኔ ብዙ የፕሮጀክት ወጪ ከአስተዳደር ስለሚቆጠር የድሮው ይሻል ነበር እንዳትሉኝ።

ጥያቄ (ከመራዊ)፦ ቦርዳቸው ውስጥ አንድ አካል ጉዳተኛ አስቀምጠው ፎቶ ይነሳሉ። ብቁ ሰው አጣን ይሉናል።

መልስ፦ እህቴ፣ ይቺን «አጣን» የምትል ነገር ሰልችቶኛል። ዓይነ ስውርነትን የሚከላከለውን የእንግሊዝ ድርጅት ሳይትሴቨርስን እ.ኤ.አ. በ1950 የመሠረተው ጆን ዊልሰን ዓይነ ስውር ነበር። የኛዋ ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤም እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ስታገኝ ላይት ፎር ዘ ወርልድ ውስጥ ነበር የምትሠራው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም፣ አንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 3፣ እኛን በሚመለከት ውሳኔ መንግሥት በድርጅቶቻችን በኩል እንዲያማክረን ያስገድዳል። መንግሥት ከተገደደ በስማችን የሚለምን ድርጅት ምን ሰበብ አለው?

ወንበር መስጠት ደግሞ በቂ አይደለም። ሰነዱ የስብሰባው ዕለት ጠዋት በወረቀት ከተሰጠኝ እኔ ምን አንብቤ ልከራከር? ቀደም ብሎ በስክሪን ሪደር (ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) በሚነበብ ፋይል ይምጣ። መስማት ለተሳነው አስተርጓሚ ይቀጠር፤ ስብሰባው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሆነና ሊፍት ከሌለም አትጥሩን።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ መሥራቹ ራሱ ዳይሬክተር፣ ጓደኞቹ ቦርድ ሲሆኑስ?

መልስ፦ አደጋ አለው። ለንደን ውስጥ ኪድስ ካምፓኒ የሚባል የሕፃናት ድርጅት ነበር፤ በመሠረተችው ሴት ዝና የቆመ፣ መጠባበቂያ ገንዘብ ያልነበረው። እ.ኤ.አ. በ2015 በድንገት ተዘጋ፣ የፓርላማ ኮሚቴም የቦርዱን አባላት ክፉኛ ወቀሰ። በ2021 ግን ፍርድ ቤት ከኃላፊነት ይታገዱ የሚለውን ክስ ውድቅ አደረገው። ስለዚህ ሁሉንም ሌባ ማለት ልክ አይደለም። ቅን ሰዎችም ቢሆኑ፣ ባዶ ካዝና እያዩ መሥራቹን ደፍረው «ቆይ እስቲ» ካላሉት ቤቱ ይፈርሳል። የሥልጣን ዘመን ይገደብ፣ ዝምድና ያለው አባል ጉዳዩ ሲታይ ከስብሰባው ይውጣ፣ መውጣቱም ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ መስማት የተሳነኝ ወጣት ነኝ፣ ወደፊት ቦርድ መግባት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከማህበርህ ጠቅላላ ጉባኤ። አስተርጓሚ እንዲኖር አስቀድመህ በጽሑፍ ጠይቅ። ያለፈውን ዓመት የኦዲት ሪፖርት አስወጣና ከአንድ የሂሳብ ሰው ጋር ቁጭ ብለህ አንብበው። ያልገባህን መስመር ጉባኤው ላይ ጠይቅ፤ መልሱ «በኋላ እንነግርሃለን» ከሆነ ያንንም ቃለ ጉባኤው ላይ አስጽፍ።