«ደም አለ?»፦ ለቀዶ ጥገና ክፍል ወጣት ባልደረቦቼ

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በሰመመን ሙያ የፈጀሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ መድኃኒት ሳይሆን፣ አንድ ቡድን «ሁላችንም እናውቃለን» ሲል በእርግጥ በጋራ የሚያውቀው ምን ያህል እንደሆነ ስለ መለካት ነው።

አንድ ሌሊት የእንግዴ ልጇ የማህፀኗን በር የዘጋባት እናት ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ገባች። «ደም አለ?» ሲባል ሁላችንም «አለ» አልን። መድማት ስትጀምር ግን፣ ሐኪሙ ሁለት ከረጢት ደም ከእናትየዋ ደም ጋር መስማማቱ ተረጋግጦ (ተመሳክሮ) ተቀምጧል ብሎ፣ እኔ እዚያው ማቀዝቀዣችን ውስጥ ገብቷል ብዬ፣ ነርሷ ደግሞ የእናትየዋ የደም ናሙና ተልኳል ለማለት «አለ» ማለታችን ታወቀ። እናትየዋ በፈጣሪ ቸርነት ተረፈች።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 ያወጣው ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ጥገና ደኅንነት ቼክሊስት ቡድኑ ቆም ብሎ እንዲነጋገር ያስገድዳል። ይሁን እንጂ በቼክሊስቱ ላይ የምናደርገው ምልክት የሚመሰክረው ጥያቄው መጠየቁን እንጂ መግባባታችንን አይደለም (በሽተኛው ከወጣ በኋላ ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ ሲሞላ አላየሁም የሚል ካለ ደግሞ እሱ ዕድለኛ ነው)።

እኔ የምመክራችሁ ቀላል ነገር ነው። አስቸኳይ ባልሆነ ቀን፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት፣ ለአራት ባለሙያዎች ቁራጭ ወረቀት አድሉና ምን ያህል ደም ይፈሳል ብለው እንደሚጠብቁ፣ ደሙ አሁን የት እንዳለ፣ ቢያስፈልግ ማን እንደሚያመጣው ሳይተያዩ ይጻፉ። አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ሲጣመሩ 6 ጥንድ ስለሚሆኑ፣ በእያንዳንዱ ጥያቄ ከ6ቱ ስንቱ እንደተስማማ መቁጠር ነው። አለቃው አስቀድሞ ከተናገረ ግን የምትለኩት ዕውቀትን ሳይሆን ይሉኝታን ነውና አደራ።

ሁሉም ሁሉን ይወቅ ማለቴ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 እንዳመለከተው፣ አብረው የሚኖሩም ሆኑ የሚሠሩ ሰዎች ዕውቀትን ይከፋፈሉታል፤ ዋናው ማን ምን እንደሚያውቅ ማወቁ ነው። የስፌት ክሩን ቁጥር እኔ ባላውቅ ችግር የለውም፤ ደሙ ያለበትን ቦታ ግን ከመካከላችን ማን እንደሚያውቅ አለማወቅ ያስጠይቃል።

ደግሞም የብዙዎች መስማማት አያታልላችሁ፤ ተስማምቶም መሳሳት አለ። ወረቀቱን መጀመሪያ በሞከርኩበት ጠዋት፣ ደሙን ማን ያመጣል ለሚለው እኔን ጨምሮ ሦስታችን የተላላኪውን ስም ጻፍን፤ ከ6ቱ ጥንድ 3ቱ ተስማሙ ማለት ነው። ከሁላችን በዕድሜ የምታንሰው ነርስ ብቻ «እሱ ዛሬ ተረኛ አይደለም» ብላ ጽፋ ነበር።