በዐቢይ ጾም ከታካሚዎች ጋር እንድበላ እገደዳለሁ ወይ? (የሕግ ምክር)

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። አኖሬክሲያና ቡሊሚያ (ምግብን ከልክ በላይ የመራቅና አብዝቶ በልቶ የማስመለስ ሕመሞች) ያለባቸው ወጣቶች ተኝተው በሚታከሙበት ማዕከል በሲኤንኤነት (በረዳት ነርስነት) እሠራለሁ። ምሳ ላይ ተረኛው ሠራተኛ ከታካሚዎቹ ጋር ተቀምጦ የቀረበውን ምግብ አብሮ መብላት አለበት። ጾሙ ሲገባ እንደማልበላ ብናገር ሱፐርቫይዘሬ «መብላት የሥራሽ አካል ነው፤ ሌላዋ ኢትዮጵያዊት ትበላ የለም ወይ?» ብላ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠችኝ። በዚያ ላይ «የምሳ ዕረፍት» እየተባለ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ከደመወዜ ይቆረጣል። ሕጉ ምን ይለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያነሡት ጉዳይ ሁለት የተለያዩ መብቶችን የያዘ በመሆኑ ለየብቻ ማየቱ ይበጃል። በሁለቱም ሕጉ ከእርስዎ ጋር ይቆማል፤ በጾሙ ጉዳይ ግን ገደብ አለው።

የጾም መብትዎ መሠረት የ1964ቱ የፌዴራል የሲቪል መብቶች ሕግ ሰባተኛ ክፍል ነው። ይህ ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ፣ በሥራው ላይ ከባድ ጫና እስካልፈጠረበት ድረስ፣ ለሠራተኛው ሃይማኖታዊ ሥርዓት ተገቢውን ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ ከዚያ ያነሰ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ላይ ደግሞ የኮሎራዶ ፀረ መድልዎ ሕግ ይሠራል። ለብዙ ዓመታት አሠሪዎች ጥቂት ወጪ ወይም ጥቂት መጉላላት ደረሰብን በማለት ብቻ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ውድቅ ያደርጉ ነበር። ይህ የተለወጠው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 2023 እሑድ መሥራትን በእምነቱ ምክንያት ባልተቀበለው የፖስታ ሠራተኛ በጄራልድ ግሮፍ ጉዳይ በሙሉ ድምፅ በወሰነ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ አሠሪው የሚጠየቀው ማመቻቸት ከሥራው ዓይነትና ስፋት አንጻር ከፍ ያለ ተጨማሪ ወጪ ወይም ጫና እንደሚያስከትል ማስረዳት አለበት፤ የሥራ ባልደረቦች ለእምነቱ ወይም ለማመቻቸቱ ያላቸው ቅሬታ ብቻውን ምክንያት አይሆንም።

ሱፐርቫይዘርዎ ሌላዋን ኢትዮጵያዊት መጥቀሷም በሕግ ፊት ውኃ አያነሣም። ሕጉ የሚጠብቀው የእርስዎን ቅን እምነት እንጂ የቤተ ክርስቲያኑን ምእመን ሁሉ አንድ ዓይነት ልማድ አይደለም። አንዷ በሕመም፣ አንዷ በራሷ ምርጫ ልትበላ ትችላለች፤ የእርስዎ ጾም በዚህ አይቀርም።

ይህን ስል የማዕከሉን መመሪያ አቅልዬ አይደለም። አኖሬክሲያ ላለባት ልጅ አንድ ሳህን ምግብ መጨረስ የዕለቱ ከባድ ፈተና ሊሆን ይችላል፤ አጠገቧ ያለ ሰው ተረጋግቶ ሲበላ ማየቷም የሕክምናው አካል ነው። ተረኛዋ እየበላች ዳቦው በናፕኪን ተጠቅልሎ እጅጌ ውስጥ እንዳይገባ ትመለከታለች፤ ከምሳ በኋላም ታካሚዋ እንዳታስመልስ አብራት ትቆያለች። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ባዶ ሳህን ይዞ መቀመጥ፣ ወይም «እኔ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት (3 PM) እህል አልቀምስም» ብሎ መናገር፣ ልጅቷን ለሌላ የምግብ እገዳ ሊገፋፋት ይችላል። ስለዚህ አሠሪዎ በምግብ ሰዓት ስለ ጾም ለታካሚ እንዳይናገሩ ቢከለክልዎ ምክንያቱ ሕክምናዊ ነውና ይቀበሉት፤ እኔም አጥብቄ እመክራለሁ። ማዕከሉ «አንዱ ሠራተኛ ሳይበላ ቢቀመጥ ታካሚ ይጎዳል» ብሎ በማስረጃ ቢከራከር ፍርድ ቤት ሊሰማው ይችላል። የእርስዎ ጥያቄ ጠንካራ የሚሆነው ከዚያ ጠረጴዛ ሌላ አማራጭ ይዞ ሲመጣ ነው።

ስለዚህ ለሂውማን ሪሶርስ በኢሜይል ይጻፉ፤ ቃል በቃል ያልተጻፈ ነገር ኋላ ላይ ይካዳል። «በእምነቴ ምክንያት በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አልመገብም፤ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓትም (3 PM) እህል አልቀምስም፤ በነዚህ ቀናት የምሳውን ተራ ፈቃደኛ ከሆነች ባልደረባዬ ጋር እንድለዋወጥ፣ እኔም የጠዋቱን ክብደትና የደም ግፊት ልኬት፣ ወይም የድኅረ ምሳውን ክትትል እንድሠራ እጠይቃለሁ» ማለት ይበቃል። የሚጾሙት ከእንስሳት ተዋፅኦ ብቻ ከሆነ ምስር፣ ሩዝና ዳቦ የሞላበት ሳህን ይዘው መቀመጥ ይችሉ እንደሆነ የማዕከሉ የሥነ ምግብ ባለሙያ እንዲወስን ይጠይቁ። አሠሪው የእርስዎን ምርጫ ትቶ ሌላ ተገቢ መፍትሔ ቢያቀርብ፣ ለምሳሌ በተመሳሳይ ክፍያ ወደ ሌሊት ሺፍት ቢያዛውርዎ፣ ሕጉ በዚያ ሊረካ ስለሚችል ወዲያው እምቢ አይበሉ። ከሁሉ በላይ ተተኪ ሳይመጣ ሺፍት ጥለው እንዳይወጡ፤ ያኔ ክርክሩ ከጾም ወደ ታካሚን ጥሎ መሄድ ይለወጣል፤ የሙያ ፈቃድዎም አደጋ ላይ ይወድቃል።

የደመወዙ ጉዳይ ከዚህ ይቀላል። በፌዴራል ደንብ የምሳ ሰዓት ሳይከፈል የሚቀረው ሠራተኛው ከሥራ ሙሉ በሙሉ ነፃ ከሆነ ብቻ ነው። ማንኪያ በአፍዎ፣ ዓይንዎ በታካሚዋ ሳህን ላይ ከሆነ እየሠሩ ነው። የኮሎራዶ ደንብም ከ5 ሰዓት በላይ በሚዘልቅ ሺፍት ቢያንስ 30 ደቂቃ ያልተቋረጠ ዕረፍት እንዲሰጥ፣ የሥራው ጠባይ ይህን ካልፈቀደ በሥራ ላይ የሚበላው ምሳ ሙሉ በሙሉ እንዲከፈል ያዛል። በሳምንት 5 ቀን ከሠሩ የተቆረጠብዎ 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ ሳምንቱ ከ40 ሰዓት የሚያልፍ ከሆነ ትርፉ በአንድ ተኩል እጥፍ ይታሰባል። የየቀኑን ምሳ ከስንት ታካሚ ጋር እንደተቀመጡ፣ ስማቸውን ሳይጽፉ፣ በራስዎ ደብተር ይመዝግቡ፤ የታካሚ መረጃ ወይም ፎቶ ከማዕከሉ ይዘው እንዳይወጡ ግን አደራ።

ማስጠንቀቂያው ካልተነሣልዎ፣ ወይም በመጠየቅዎ ምክንያት የሥራ ሰዓት ቢቀነስብዎ፣ ለፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ፤ በኮሎራዶ ጊዜው እርምጃው ከተወሰደበት ቀን አንሥቶ 300 ቀን ነው። የደመወዙ ጥያቄ ለኮሎራዶ የሥራና ቅጥር መምሪያ ይቀርባል፤ ወደ ኋላ የሚታየው 2 ዓመት፣ አሠሪው ሆን ብሎ ካደረገው 3 ዓመት ነው፤ እያንዳንዱ የዘገየ ሳምንት ከኋላው አንድ ሳምንት ስለሚያስቀር ይህኛውን አሁኑኑ ይጀምሩ።