አንድ ቅጠል፣ 256 አደራደር

ጥያቄ፦ የጨርቃ ጨርቅ ዲዛይን ተማሪ ነኝ። ለፖርትፎሊዮዬ የመኸር ቅጠል ያለበት የኩዊልት ብሎክ፣ ማለትም ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚሰፋ የአልጋ ልብስ አንዱን ካሬ ክፍል፣ ነደፍኩ። ዘጠኝ ትናንሽ ካሬዎች ያሉት የሜፕል ዛፍ ቅጠል ነው፤ ጎኑ 12 ኢንች። አራት ብሎክ ሠርቼ ወለል ላይ እያዟዟርኩ ስደረድር ሳምንት አለፈ። መወሰን አቃተኝ። ጓደኞቼ አስር አስር ዲዛይን አላቸው። ጊዜዬን እያባከንኩ ይሆን?

መልስ፦ አላባከንሽም። ግን እዚያው መሽከርከሩን አቁሚ።

ግራ ቢገባሽ አይገርምም። አንዱ ብሎክ በአራት አቅጣጫ ሊዞር ይችላል። አራት ብሎክ ሲሆን 4 በ4 በ4 በ4፣ 256 አደራደር ማለት ነው። ወለሉን ዞረሽ ብታይው አንድ የሚሆኑ አሉበት፤ ቢሆንም ብዙ ነው። ሁሉንም የሞከረ ሰው ፖርትፎሊዮውን ሳያስገባ ቀኑ ያልፍበታል። ስለዚህ በዘፈቀደ አታዙሪ። እያንዳንዱ ሙከራ አንድ ጥያቄ ይመልስልሽ።

ሁሉም ወደ አንድ ጎን ቢያዩስ? ነፋስ የነዳቸው ይመስላሉ። በየብሎኩ አንድ ጥግ ላይ ያሉት የቅጠል ግንዶች መሃል ላይ ቢገናኙስ? አራቱ ቅጠሎች አንድ ትልቅ አበባ ይሆናሉ። ግንዶቹን ወደ ውጭ ስታዞሪ ደግሞ ደስ የሚል ነገር ይመጣል። በዚህ ብሎክ ከግንዱ በሰያፍ ፊት ለፊት ያለው ጥግ ባዶ ካሬ ነው። አራቱ ባዶ ካሬዎች መሃል ላይ ሲገጥሙ 8 ኢንች ስፋት ያለው ባዶ ቦታ ይከፈታል። ያንን ማንም አልነደፈውም፤ ከአደራደሩ የወጣ ነው። ቀጣሪ እንዲያይልሽ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነው። ቅጠል መሥራት ብዙ ሰው ይችላል። ብሎኩ ራሱም የቆየ ባህላዊ ብሎክ ነው፤ ይህንን በግልጽ ጻፊው። ቀለሙና አደራደሩ ነው ያንቺ።

ብሎኮቹን በጥጋቸው አቁመሽም ሞክሪ። ቅጠሉ ሲወርድ ይመስላል። ግን ዋጋ አለው፦ ባለ 12 ኢንቹ ብሎክ ከጥግ እስከ ጥግ 17 ኢንች ገደማ ይሆናል፣ ዳሩም በሦስት ማዕዘን ጨርቅ መሞላት አለበት። እነዚያን ሦስት ማዕዘኖች ስትቆርጪ ወደ ውጭ የሚውለው ጠርዝ የጨርቁን ክር የተከተለ ይሁን። በሰያፍ የተቆረጠ ጠርዝ ይለጠጣል፣ ኩዊልቱም ዳሩ ይወላገዳል። ይህን በአንድ መስመር ብትጽፊ ስፌት የሚያውቅ ቃለ መጠይቅ አድራጊ ወዲያው ይገባዋል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልበል። የአደራደሩን ፎቶ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሪው። የዝገት ቀይና የወይራ አረንጓዴ እኩል ከጠቆሩ አንድ ግራጫ ይሆኑና ቅጠሉ ይጠፋል። «ለምን ይህን ቀለም?» ሲሉሽ ደግሞ «የመኸር ስለሆነ» ብቻ አትበይ። ቅጠል ሊረግፍ ሲል አረንጓዴው ቀለም፣ ክሎሮፊል፣ ይፈርሳል፤ ቢጫው ከሥር የነበረ ነው፣ አሁን ታየ እንጂ። ቀዩ ግን በብዙ ዛፎች ዘንድ በዚያው ወቅት አዲስ የሚሠራ ነው። ቢጫውን በሰፊው፣ ቀዩን በጥቂቱ ብታደርጊ ምክንያትሽ ይሄው።

ልኩን አትናቂው። የስፌት ትርፉ፣ ከስፌቱ እስከ ጨርቁ ጠርዝ ያለው፣ በየጎኑ ሩብ ኢንች ነው፤ ብሎኩ ከሌላ ጋር ሳይሰፋ 12.5 ኢንች መሆን አለበት። በእያንዳንዱ ስፌት ትርፉን አንድ ሚሊሜትር ብቻ ብታሰፊው ከሁለቱም ጨርቅ ስለሚወሰድ 2 ሚሊሜትር ይጠፋል። በብሎኩ ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ሁለት ስፌት አለ፤ 4 ሚሊሜትር ሄደ ማለት ነው። ኮምፒውተር ላይ ይህ አይታይም። ስለዚህ ቢያንስ አንዱን አደራደር እውነተኛ ጨርቅ ላይ ሰፍተሽ አስገቢ።

ጓደኞችሽም ግን ሞኞች አይደሉም። የምታመለክቺው የጨርቅ ህትመት ዲዛይነር ለመሆን ከሆነ፣ እዚያ የሚፈለገው ተደጋግሞ የሚታተም የተለያየ ንድፍ ስለሆነ በአንድ ብሎክ አትሂጂ። ለኩዊልት ንድፍ አዘጋጅነት ወይም ለናሙና ሠሪነት ከሆነ ግን አንዱ ብሎክ ከነጉዞው ከአስሩ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሦስት አደራደር ምረጪ። ለእያንዳንዱ ምን እንዳገኘሽበት በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ከጣልሻቸው ሁለቱን በትንሽ ፎቶ ጨምሪና ለምን እንደጣልሻቸው ንገሪያቸው። ሁሉንም ከአንድ ከፍታ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ አንሺያቸው። አሁን ወለል ላይ ያለውንም ከመንካትሽ በፊት ፎቶ አንሺው።