ጥያቄና መልስ፦ ታሪኩን ሰርዘናል፤ ከአካውንታችን ግን ወጥተናል?

ስምንት ዓመት ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ፤ አሁን ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የብራውዘር (እንደ ክሮም ያለ የድረ ገጽ መክፈቻ) መረጃ ስለማጽዳትና ስለ ግላዊነት ቅንብር ጠይቁኝ። አስቀድሜ የማሳስበው፦ «ሰርዝ» የሚለውን ከመንካታችሁ በፊት «የይለፍ ቃላት» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አለመኖሩን አረጋግጡ።

ጠያቂ ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ ብራውዘሬን ማጽዳት እፈልጋለሁ። እንዴት ነው?

መልስ፦ የትኛውን ብራውዘር? በስልክ ወይስ በኮምፒውተር? ምኑን? እንዲህ ተድበስብሶ ሲጠየቅ መመለስ ይቸግራል። በኮምፒውተር ከሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ዲሊት የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫን፤ ክሮምም ፋየርፎክስም ላይ ይሠራል። የጊዜ ገደቡን ተመልከት፤ «ያለፈው ሰዓት» ላይ ትተኸው ከሰረዝክ የትናንቱ እንዳለ ነው። የይለፍ ቃሉን ሳጥንም እይ።

ጠያቂ ከሐዋሳ፦ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ የዲቪ ቅጽ ሞላሁ፤ ኢሜይሌንም ከፍቼ ነበር። ስወጣ ታሪኩን ሰርዣለሁ። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ታሪክ ማለት የጎበኘሃቸው ገጾች ዝርዝር ብቻ ነው። አንተ መሆንህን ለድረ ገጹ የሚነግረው ኩኪ ነው። በፈረንጆቹ 1994 ኔትስኬፕ በተባለው የብራውዘር ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ኩኪን የፈጠረው ድረ ገጽ በራሱ ደንበኛውን ስለማያስታውስ ነው። ሱፐርማርኬት በር ላይ ቦርሳህን ስታስረክብ ቁጥር ያለው ካርድ ይሰጡህ የለ? ኩኪ እንደዚያ ካርድ ነው፤ ካርዱን ያሳየ ሁሉ ቦርሳውን ይወስዳል። አንተ ዝርዝሩን ቀደድክ፤ ካርዱን ግን ጠረጴዛው ላይ ትተኸው ወጣህ።

ሌላም አለ። ክሮም ውስጥ በጉግል አካውንትህ ገብተህ ከሆነ፣ ኩኪዎቹን ብትሰርዝ እንኳን ከሌሎች ድረ ገጾች ያስወጣሃል እንጂ ከጉግል አያስወጣህም። መጀመሪያ ከአካውንትህ ውጣ፤ ከዚያ አጽዳ። ረስተህ ከሄድክ በስልክህ የጉግል አካውንትህን ክፈትና «ደህንነት» ውስጥ ገብተህ የመሣሪያዎችህን ዝርዝር እይ፤ ያንን ኮምፒውተር ከዚያው ታስወጣዋለህ።

የወረደ ፋይል ደግሞ በዚህ አይጠፋም። አንድ ጠዋት ኮምፒውተሮቹን ስከፍት፣ የአንድ ወጣት የፓስፖርት ቅጂ ከጉርድ ፎቶግራፉ ጋር «ዳውንሎድስ» የሚባለው ማኅደር ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘሁ። ልጁ ጠንቃቃ ነበር፤ ታሪኩን አንድም ሳያስቀር ሰርዟል። ብራውዘሩ የሚሰርዘው ግን የወረዱትን ስም ዝርዝር ነው፤ ፋይሉን በእጅህ ማጥፋት አለብህ፤ ከቆሻሻ መጣያውም ጭምር።

ጠያቂ ከሪያድ፦ ስልኩ የራሴ ነው፣ ዋይፋዩ የአሠሪዎቼ። ማንነት የማያሳውቀውን መስኮት (ኢንኮግኒቶ) ብጠቀም የምከፍተውን አያዩብኝም?

መልስ፦ እህቴ፣ ያ መስኮት ስትዘጊው የሚያጠፋው ስልክሽ ላይ የቀረውን ብቻ ነው። የዋይፋዩ ባለቤት ከፈለገ የምትከፍቻቸውን ድረ ገጾች ስም ማየት ይችላል። አድራሻው ኤችቲቲፒኤስ (https) በሚለው የሚጀምር ከሆነ ግን ውስጡ የምትጽፊውንና የምታነቢውን አያይም። ጉግል ራሱ በዚህ መስኮት የሚጠቀሙ ሰዎችን መረጃ ይሰበስባል ተብሎ በ2020 አሜሪካ ውስጥ ተከሶ፣ በ2024 በስምምነት በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ለማጥፋት ተስማምቷል። ለባንክ ጉዳይ የራስሽን ሲም ካርድ ዳታ ተጠቀሚ።

ጠያቂ ከመቀሌ፦ የተሸጎጡ ምስሎችና ፋይሎችን (ብራውዘሩ ከጎበኘናቸው ገጾች ያስቀመጣቸውን) ማጥፋት ስልክ ያፈጥናል?

አንድ አባል፦ እኔ በየማታው አጠፋለሁ፤ በጣም ይፈጥናል።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ያጠፋኸውን ምስል ነገ እንደገና ታወርደዋለህ። የእኔ ጥቅል ከሳምንቱ አጋማሽ የማያልፈው ለዚህ ነበር።

አንድ አባል፦ ዋይፋይ ላለው ምን ይጎዳዋል?

ሌላ አባል፦ ሁሉም ሰው ዋይፋይ አለው እንዴ?

መልስ፦ ክርክሩ ይብቃ። ስልኩ ከሞላ ወይም አንድ ገጽ ተበላሽቶ ከታየ አጥፉ፤ ያለዚያ ተዉት።

ጠያቂ ከባሕር ዳር፦ ልጄ፣ ስልኬ «ቫይረስ አለብዎት» እያለ ሌሊት ሁሉ ይጮኻል።

መልስ፦ እናቴ፣ አይደንግጡ፤ መልእክቱን አይንኩት። አንድ ድረ ገጽ «ማሳወቂያ ልላክ?» ሲል «ፍቀድ» ብለውት ነው። በብራውዘሩ ቅንብር ውስጥ «ማሳወቂያዎች» የሚለውን ከፍተው የማያውቁትን ድረ ገጽ ይከልክሉ።

ጠያቂ ከዋሽንግተን ዲሲ፦ ጫማ አንድ ጊዜ ፈለግሁ፤ በየሄድኩበት ይከተለኛል።

መልስ፦ የሦስተኛ ወገን ኩኪ ነው፤ ማለትም ከከፈትከው ድረ ገጽ ሳይሆን ከሌላ፣ ለምሳሌ ከማስታወቂያ ድርጅት የሚመጣ ኩኪ። የአፕል ብራውዘር ሳፋሪ ከ2020 ጀምሮ ራሱ ያግደዋል፤ ፋየርፎክስም ከ2022 ወዲህ የእያንዳንዱን ድረ ገጽ ኩኪ ለየብቻ ያስቀምጣል። ጉግል ግን ከክሮም ለማስወገድ የያዘውን ዕቅድ በ2024 ትቶታል፤ ስለዚህ «ግላዊነት እና ደህንነት» ውስጥ ገብተህ ራስህ አግድ።

ጠያቂ ከጅማ፦ የብራውዘር ታሪክ እንዴት ይጠፋል?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። ከመጠየቅ በፊት ከላይ ያለውን ማንበብ ያስፈልጋል።

ጠያቂ ከአዳማ፦ የትኛው ቪፒኤን ይሻላል?

መልስ፦ የዛሬው ጉዳይ አይደለም።

ጠያቂ ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ፤ ግን ሳጥኖቹን ሁሉ ምልክት አድርጌ ነበር። የይለፍ ቃሎቼ ከኮምፒውተሩም ከስልኬም ጠፉ።

መልስ፦ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቄ ነበር። ሁለቱም በአንድ አካውንት ስለተመሳሰሉ ከአንዱ ስትሰርዝ ከሌላውም ይጠፋል። አሁን ከየትኛውም አካውንት አትውጣ፤ ገና ክፍት የሆኑትን ዝርዝራቸውን ጻፍ። ከሁሉ በፊት ኢሜይልህን አስተካክል፤ የሌሎቹ የይለፍ ቃል ማደሻ መልእክት የሚመጣው ወደዚያ ነው። ኢሜይሉ ላይ ያስመዘገብከው ስልክ ቁጥር አሁንም በእጅህ ነው?