ኤምአርአይ ለታዘዘላት ነፍሰ ጡር እህቴ
«የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ በአልትራሳውንድ ቀኝ ኩላሊትሽ ውሃ ቋጥሯል ተብዬ ኤምአርአይ ታዘዘልኝ። ልጄን አይጎዳውም? ጠጠር ከሆነስ ያሳያል?» ላልሽው እህቴ፣ እኔም በሰባተኛ ወሬ እዚያው ማሽን ውስጥ ገብቼ ወጥቻለሁ።

ስለ ልጁ ብዙ አትጨነቂ። ኤምአርአይ የሚሠራው በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ስለሆነ የሲቲ ስካን ዓይነት ጨረር የለውም። ጥንቃቄ የሚፈልገው ምስሉን ለማጉላት በደም ሥር የሚሰጠው ጋዶሊኒየም የሚባል መድኃኒት (ኮንትራስት) ነው፤ ለነፍሰ ጡር ካልተገደዱ በቀር አይሰጡትም። ለእኔም አላስፈለገኝም፤ የቆመ ሽንት ያለ መድኃኒትም ምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይበራል። ብቻ ከመግባትሽ በፊት «ያለ ኮንትራስት ነው አይደል?» ብለሽ ጠይቂ።

ጠጠሩ ላይ ግን ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። ኤምአርአይ ጠጠሩን ራሱን አያሳይም። የሚታየው በነጩ ሽንት መሀል ጥቁር ነጥብ ነው፤ የረጋ ደምም ያንኑ ሊመስል ይችላል፣ ትንሽ ጠጠር ደግሞ ጭራሽ ሊያመልጥ ይችላል። ለጠጠር ሲቲ ይበልጣል፤ በጨረሩ የተነሳ ነው ለእኛ ወደኋላ የሚቀረው።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? የት ላይ እንደተዘጋ ይናገራል። ሐኪሟ ስክሪኑን አዙራ አሳየችኝ፦ ከኩላሊቴ የሚወርደው ቱቦ ሰፍቶ ይመጣና ማህፀን ከዳሌ አጥንት ጋር በሚጫነው ቦታ ላይ እንደ ቀንድ እየሾለ ይጠባል። ከዚያ በታች የተጠራቀመ የለም። «ጠጠር ቢሆን ብዙ ጊዜ ድንገት ነው የሚቆረጠው፤ ከዳሌው በታችም ሽንት ቆሞ እናይ ነበር» አለችኝ። የኔ የማህፀን ጫና ነበር፤ ማህፀን ወደ ቀኝ ስለሚያዘነብል በቀኝ በኩል ይበዛል።

ማሽኑ ይጮኻል፣ የጆሮ መከለያ ይሰጡሻል። እኔን በግራ ጎኔ ነው ያስተኙኝ፤ በጀርባ መተኛት ካስቸገረሽ አፍረሽ ዝም አትበይ። «ትንፋሽ ያዢ» ሲሉሽ ያዢ፣ አለዚያ ምስሉ ይደበዝዝና ይደግሙታል (እኔን ሁለቴ ደግመውኛል)። ሰውነትሽ ውስጥ ብረት ካለ ቀድመሽ ተናገሪ።

ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ግን የኤምአርአይ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያኑ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። የታገደ ሽንት ከመረቀዘ ቅድሚያው ፎቶ ማንሳት ሳይሆን በቱቦ ማፍሰስ ነው።

እኔ እስክወልድ ድረስ በግራ ጎኔ እየተኛሁ በአልትራሳውንድ ተከታተሉኝ፤ ከወለድኩ በኋላ ሲታይ የኩላሊቴ እብጠት ጠፍቷል። ውጤትሽ ሲመጣ ቱቦው የት ላይ ጠበበ እንደሚል ጻፊልን።