የትኛው ሙያ ያዋጣል ለምትሉኝ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን የምታነሱብኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ነገ የማይሞት ሙያ የቱ ነው? ዕድሜዬን የጨረስኩት በመኪና ጥገና ስለሆነ በማውቀው ልመልስ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። የጋራዥ ልጆች ጭንቀት ይገባኛል። የኤሌክትሪክ መኪና ነዳጅ የሚያቀጣጥል ካንዴላ የለውም። ማርሽ ሲቀየር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለውም። የሞተር ዘይት አይቀየርለትም። የብዙ ጋራዥ የዕለት ገቢ ደግሞ ከእነዚህ ነው።

ግን ሙያችን አለቀለት የሚል ወሬ ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። በላዳና በቮልስ ዘመን ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡረተር የምናስተካክለው በጆሯችን ነበር። ከዚያ ነዳጁን በኮምፒዩተር እየለካ የሚረጭ ኢንጀክሽን መጣ። የመኪናውን ኮምፒዩተር የሚያነብ ስካነር የሌለውን ጋራዥ ደንበኛ ሸሸው። ያኔ ገበያ ላይ የቆዩት እጀ ፈጣኖቹ አልነበሩም። ዕቃ መቀየር ብቻ የለመደ መካኒክ ታውቃላችሁ፤ ይሄን ቀይር ይላል፣ አልሆነም፣ ያንን ቀይር ይላል። ባለመኪናው መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሲመላለስ ይከርማል። ሌላው ግን መጀመሪያ ይጠይቃል። ነዳጅ ደርሷል? እሳት አለ? አየር ይገባል? ስካነር ሲመጣም ቶሎ የገባው ለዚህኛው ነው። መሣሪያው የሚሰጠው የብልሽት ኮድ ብቻ ነዋ! ሴንሰሩ ራሱ ይበላሽ ወይስ ሽቦው ይቆረጥ፣ እሱን አጣርቶ የሚያውቀው ሰው ነው።

አሁንም ያው ነው። ጎማ፣ መሪ፣ ፍሬን የትም አይሄዱም። የቀረውን የሚይዘው ኤሌክትሪክ የገባው ልጅ ነው። ፊዚክስ ላይ ለፈተና ብቻ የምትሸመድዱት ቮልቴጅና ከረንት የኤሌክትሪክ መለኪያውን መልቲሜትር ስትይዙ ይፈለጋል። ሌላ ሙያ የምትመርጡም ከላይ ካለው መሣሪያ ይልቅ ሥሩን ያዙ።

"የምትወደውን ሥራ ምረጥ" የሚለው ምክር ብዙም አይዋጥልኝም። የማይሰለች ሥራ የለም። ሐኪሙ ሌሊት ተረኛ ይገባል። የሒሳብ ሠራተኛው ሰኔ ሲደርስ ቤቱን ይረሳል። እኛም ከመኪና ሥር ተኝተን ጭቃ ዓይናችን ውስጥ ይገባል። ይልቅ የትኛውን አሰልቺ ነገር ሳትማረሩ እንደምትችሉ ራሳችሁን ጠይቁ።

ከምታነቡኝ መሃል ወላጆችም ካላችሁ ስሙኝ። በ2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ውጤት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስንቱ ቤት ለቅሶ ቤት መሰለ! ቴክኒክና ሙያ መግባትን እንደ ቅጣት አታውሩት። ልጁ ገና ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ክረምቱን የምታውቁት ሰው ሥራ ቦታ ላኩት። ገንዘብ ባያመጣም ሰው ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ እንደሚውል አይቶ ይመለሳል።

ጋራዥ ልትለማመዱ ስትገቡ ስለ ክፍያው ብቻ አትጠይቁ። ዋናው መካኒክ ሲሠራ አጠገቡ መቆም ይፈቀድላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ዕቃ እያጠባችሁና ሻይ እያመላለሳችሁ ዓመት የምትጨርሱበት ከሆነ ሌላ ፈልጉ። የኤሌክትሪክ መኪና የሚጠገንበት ከሆነ ደግሞ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍባቸውን ብርቱካናማዎቹን ገመዶች ሳትሠለጥኑ እንዳትነኩ። ቤታችሁ ያለው 220 ቮልት ነው፤ እነዚያ ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ ከ300 ያልፋል።