ለአያቴ ዶሮ ላስገባላቸው ወይ? ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አያትሽ የመርሳት በሽታ እንዳለባቸው ሐኪም ከነገራችሁ ዓመት ሆኖታል። ቀኑን ሙሉ ሳሎን ተቀምጠው በሩን ያያሉ። አገር ቤት እያሉ ዶሮ ያረቡ ስለነበር ጓሮ ውስጥ ጥቂት ዶሮ ባስገባላቸው ይጠቅማቸዋል ወይስ በጣጣ ላይ ጣጣ እጨምራለሁ ብለሻል። እኔ ኮተቤ ነኝ። ያሳደገችኝን አያቴን ስንከባከብ አራት ዓመት አልፎኛል፤ ከዚያ ውስጥ ሦስቱ ከዶሮ ጋር ነው። እማምዬ ነው የምላት። የመንዝ ሰው ናት።

አዎ፣ አስገቢላቸው። ግን ለእንቁላሉ ብለሽ አይደለም።

የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ቀኑን ሙሉ ሲታረም ይውላል። «ምድጃውን አትንኪ።» «አሁን ነገርኩሽ እኮ።» «ዛሬ እሑድ አይደለም።» እኛ ለደኅንነቷ ብለን ነው። እሷ የምትሰማው ግን «አጠፋሽ፣ አጠፋሽ» የሚለውን ብቻ ነው። እማምዬ ዝምተኛ የሆነችው ከበሽታው ብቻ አይመስለኝም፤ ከእኛ እርማትም ነው። ዶሮዎቹ ጋ ስትሆን የሚያርማት የለም። በምላሷ ጠቅ ጠቅ እያደረገች ትጠራቸዋለች፣ ጥሬ ትበትናለች፣ ይሮጡላታል። ስለዚህ ጓሮውን ስታዘጋጂ አንድ ነገር ያዢ፦ አያትሽ ቢሳሳቱ ማንም የማይጎዳበት ቦታ ይሁን።

ምሳሌ ልስጥሽ። እማምዬ ካበላች ከአሥር ደቂቃ በኋላ መልሳ ታበላለች። መጀመሪያ ላይ ግማሽ ኩንታል በቆሎ በሁለት ሳምንት አለቀብኝ። መሬት ላይ የተረፈው ደግሞ አይጥ ጠራብን። አሁን መኖውን ቆልፌበታለሁ። አንዲት የምትጥል ዶሮ በቀን 120 ግራም ገደማ ትበላለች፤ ለእኛ አምስት ዶሮዎች 600 ግራም መሆኑ ነው። አብዛኛውን ጠዋት እኔ መመገቢያው ላይ አደርጋለሁ። የቀረውን በትንሽ ጣሳ ለእሷ እሰጣታለሁ። ጣሳው ሲያልቅና ደግማ ስትጠይቀኝ የጎመን ቅጠል አቀብላታለሁ። እየቀደደች ትበትናለች። አንድ ሰዓት ቁጭ ብላ ስትቀድ አይቻለሁ። ቴሌቪዥን ፊት እንዲህ ረግታ ተቀምጣ አታውቅም።

መሬቱን አደራ። የዶሮ ኩስ ያንሸራትታል። በዚህ ዕድሜ መውደቅ ማለት ዳሌ መሰበር ሊሆን ይችላል። እሷ የምትሄድበትን መንገድ ጠጠር አልብሼ በሽቦ ለይቼዋለሁ። ዶሮዎቹ ከሽቦው ወዲያ፣ እሷ ከወዲህ አግዳሚ ላይ። እንቁላል የሚጥሉበትን ሳጥን ወገቧ ላይ በሚደርስ ከፍታ ነው የሠራሁት፤ ጎንበስ ሳትል እጇን ትከታለች። ስትወጣ እጇን በሳሙና እናስታጥባታለን። ሕመምተኛ እጁን ሳያስበው አፉ ውስጥ ይከታል፤ የዶሮ ኩስ ደግሞ ሳልሞኔላ የሚባለውን ጀርም ሊይዝ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን ግን ማታው ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን እማምዬ ትረበሽ ነበር። «መሸብኝ፣ ቤቴ ልሂድ፣ ከብቶቹ አልገቡም» ትላለች። «ቤትሽ እኮ ይኸው ነው» ስላት ትቆጣለች። በሩ ላይ እንታገል ነበር። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንዲህ ያደርጋቸዋል። ዶሮ ደግሞ ሲመሽ ማንም ሳይነዳው ወደ ቆጡ ይገባል። አሁን «ቤቴ ልሂድ» ስትል «እሺ፣ መጀመሪያ ዶሮዎቹን እናስገባ» እላታለሁ። ነጠላዋን ደርባ አብራኝ ትወጣለች። «ገብስማዋ ገባች። ወሰራዋ ገባች። ነጯስ?» እያለች ትቆጥራለች። ሲያልቁ መዝጊያውን ራሷ ትዘጋለች። ከዚያ እንደገና ትቆጥራለች። አንዳንዴ አራት ይሆናሉ፣ አንዳንዴ ሰባት። አላርማትም። ሁሌ ይሠራል ግን አልልሽም። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን አሁንም በሩ ላይ እንታገላለን።

ለዚህ ነው የተለያየ መልክ ያላቸውን ዶሮዎች ፈልጊ የምልሽ። በመጀመሪያ ያስገባኋቸው ስምንት የፈረንጅ ቄቦች፣ ማለት ገና መጣል ያልጀመሩ ሴት ዶሮዎች ነበሩ፤ ሁሉም ቀይ። እማምዬ አንዷን ከሌላዋ መለየት አቃታት፣ አልወደደቻቸውም። የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው፤ የፈረንጇ ከ250 በላይ ትጥላለች። ለትርፍ ካሰብሽ የሀበሻዋ አታዋጣም። ለአያትሽ ግን የሀበሻዋን መልክ ያውቁታል። እኛ ጋ አሁን ሦስት የሀበሻ፣ ሁለት የፈረንጅ አሉ።

አውራ ዶሮ ግን አታስገቢ። እኛ አንድ ነበረን። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሲጮህ እማምዬ «ቅዳሴ ደረሰ» ብላ ትነሳለች። ዕድሜዋን ሙሉ በዶሮ ጩኸት ነው ቤተ ክርስቲያን የሄደችው። አንድ ሌሊት የሰፈር ጥበቃው በባዶ እግሯ አግኝቶ መለሰልን። ያን ሌሊት መቼም አልረሳውም። በማግስቱ አውራውን ለጎረቤት ሰጠሁ፣ በሩ ላይም ደወል አሰርኩ። አውራ እንቁላል ለመጣል አያስፈልግም፤ ጫጩት ለማስፈልፈል ነው። በዚያ ላይ እግሩ ላይ ያለው ሹል ጥፍር የአዛውንት ቆዳ በቀላሉ ይቀድዳል።

አሁን ወደ ትልቁ ጥፋቴ ልምጣ። እነዚያ ስምንት ቄቦች የ45 ቀን ሆነው ነው የገዛኋቸው። ሻጩ «ተከትበዋል» አለኝ፤ ምን እንደተከተቡ፣ መቼ እንደሚደገም አልጠየቅኩም። ፋሲካ ሲቃረብ ከገበያ አንዲት ዶሮ ገዝቼ ቀጥታ ከእነሱ ጋር ቀላቀልኳት። ሳምንት ሳይሞላ አረንጓዴ ተቅማጥ ጀመራቸው፣ አንገታቸው ተጠማዘዘ። ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ነበር። አንድም አልተረፈ።

እማምዬ ባትወዳቸውም ጠዋት ወጥታ ፈለገቻቸው። «ሞቱ» አልኳት። አለቀሰች። በማግስቱ ጠዋት ጣሳዋን ይዛ መጣች። እንደገና ነገርኳት። እንደ አዲስ አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን አፌ እምቢ አለኝ። «ሜዳ ወጥተዋል» አልኳት። «ጭልፊት እንዳይወስዳቸው» አለችኝና ተቀመጠች። እውነት መናገር ነው ያስተማረችኝ፤ ቢሆንም አንድን ሐዘን በየጠዋቱ ማርዳት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። አንቺም ሊገጥምሽ ይችላልና ዶሮዎቹን ከማስገባትሽ በፊት ከቤተሰብሽ ጋር ምን እንደምትሉ ተስማሙ።

ፈንግል መድኃኒት የለውም፤ ያለው ክትባት ነው። እዚሁ ቢሾፍቱ ያለው የብሔራዊ እንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል። በአቅራቢያሽ ያለ የእንስሳት ሐኪም ጋ ጠይቂ፣ የሚደገምበትንም ቀን ጻፊ። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን እኛ ከጎረቤት ጋር ተዋጥተን ነው የምንገዛው። በመጠጥ ውሃ የሚሰጠውን ከሆነ በቧንቧ ውሃ አትበጥብጪው፤ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። አዲስ ዶሮ ስታመጪ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ አቆዪያት።

እማምዬ እንቁላል ትደብቃለች፤ ይህንንም ጠብቂ። ትራስ ሥር፣ ሣጥን ውስጥ፣ አንዴ ቡና ረከቦት ላይ አግኝቻለሁ። «ለማስታቀፍ ነው» ትላለች። አሁን በጭድ የተሞላ ትንሽ ቅርጫት አልጋዋ አጠገብ አለ። እዚያ ታስቀምጣለች፣ ማታ እኔ አነሳዋለሁ። መብላቱ ግን ሌላ ነው። ለእማምዬ ዓመቱን ሙሉ ጾም ነው። በጾሙም በፍስኩም እንቁላል ስናቀርብላት «በጾም?» ብላ ፊቷን ታዞራለች። ክብደቷ ሲቀንስ ጨነቀኝና የንስሐ አባቷን አማከርኳቸው። መጥተው «የታመመ አይጾምም፤ ፈቅጄልሻለሁ» አሏት። እጃቸውን ስማ በላች። በማግስቱ ረስታዋለች። ከዚያ ወዲህ የእሳቸውን ቃል እጠቅስላታለሁ። አንዳንድ ቀን ትቀበለኛለች፣ አንዳንድ ቀን አትቀበልም። አላስገድዳትም።

ሥራው የማን ነው ብትዪኝ ያንቺ ነው። ኩስ መጥረግ፣ ሰጋቱራ መቀየር፣ የውሃ ዕቃ ማጠብ፣ ሸለመጥማጥ እንዳይገባ ማታ መዝጊያውን ደግሞ ማየት። እኔን በቀን አርባ ደቂቃ ያህል ይወስድብኛል። እንቅልፍ አጥተሽ የሰነበትሽ ከሆነ፣ የሚረዳሽም ሰው ከሌለ፣ አሁን አትጀምሪው። እውነቴን ነው። የደከመ ተንከባካቢ ይቆጣል፤ ቁጣው ደግሞ የሚያርፈው ዶሮዎቹ ላይ አይደለም።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ልጨምርልሽ። ባለፈው ዓመት እማምዬ በድንገት ጣሳዋን መጠየቅ አቆመች። በሁለት ቀን ውስጥ ቃላቷ ተዘበራረቁ፣ ማታ የሌለ ሰው ታናግር ጀመር። ዘመድ ሁሉ «በሽታው ጠናባት፣ ጃጅታለች፣ ተዋት» አለኝ። እኔ ግን ከዶሮዎቹ በአንድ ቀን መቅረቷ አልዋጥልህ አለኝ። የመርሳት በሽታ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው፤ በሁለት ቀን እንዲህ አይቀይርም። ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ተገኘባት። መድኃኒቱን ወስዳ በሳምንቱ «ጥሬው የታል?» አለችኝ። አያትሽም በድንገት ከተለወጡ «ዕድሜ ነው» አትበዪ፣ አሳክሚያቸው።

ለመጀመር ከጎረቤት ሁለት ሴት ዶሮ ለሳምንት ተዋሺና ሽቦ ውስጥ አድርጊያቸው። አያትሽ ሄደው ይቀመጣሉ? እጃቸው ወደ ጥሬው ይሄዳል? ካልሄደ ግድ የለም፣ መልሺያቸው። ምናልባት የእሳቸው እጅ የሚያውቀው ጥጥ መፍተል ወይም ስንዴ መልቀም ይሆናል። ከወደዷቸው ደግሞ ክረምቱ ይውጣ፣ ጭቃው ይድረቅ፣ ከጥቅምት ጀምሪ። የግቢሽን ስፋት ጻፊልኝና የሽቦውንና የሳጥኑን ልክ እልክልሻለሁ።